ለየትኛው ቀመር የትኛው ዘዴ? የአዮናዊ ውህዶች አሰያየምና የአቶም ቆጠራ ንጽጽር

ለአዮናዊ ውህድ (ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ቻርጅ ከያዙ ቅንጣቶች፣ ማለትም ከአዮኖች፣ ለተሠራ ውህድ) ስም ለማውጣትም ሆነ በቀመሩ ውስጥ ያሉትን አቶሞች ለመቁጠር ከአንድ በላይ መንገድ አለ። አንዱ መምህር ክሪስ ክሮስ ያስተምራል፤ ሌላው ቻርጅ አመጣጥኑ ይላል፤ አጋዥ መጽሐፉ ደግሞ «ፌረስ» እና «ፌሪክ» የሚሉ ስሞችን ይዞ ይመጣል። ደሴ ውስጥ ቀን በመደበኛ ክፍል፣ ቅዳሜና እሁድ በማጠናከሪያ የሚማር የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሁሉንም በአንድ ሳምንት ሊሰማ ይችላል። ሁሉም ትክክለኛ ዘዴዎች ናቸው። ብዙው ስህተት የሚመጣው ለአንዱ ቀመር የሚሠራውን ዘዴ ለማይሆነው ቀመር በማዋል ነው። ስለዚህ ዘዴዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጠን የትኛው የት እንደሚያዋጣ እናያለን።

ቀመሮቹን እዚህ የጻፍነው በንጥረ ነገሮቹ ስም ነው፤ ደብተራችሁ ላይ በምልክታቸው አስፍሯቸው። ምሳሌዎቹንም በተቻለ መጠን ከደሴና ከኮምቦልቻ ሱቅ፣ ፋርማሲና ፋብሪካ መርጠናል።

ከሁሉ በፊት፦ አዮናዊ ነው ወይስ አይደለም?

ይህን ሳይለዩ ዘዴ መምረጥ አይቻልም። ቀመሩ በሜታል ከጀመረ ወይም አሞኒየም (ናይትሮጅን ሃይድሮጅን₄) ካለበት እንደ አዮናዊ ይሰየማል። ሁለቱም ኢ-ሜታል ከሆኑ ሞለኪዩላዊ ነው፤ ያኔ «ሞኖ»፣ «ዳይ»፣ «ትራይ» የሚሉት የቁጥር ቅጥያዎች ይገባሉ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚባለው። አዮናዊ ውህድ ላይ ግን እነዚህ ቅጥያዎች አይገቡም። ካልሲየም ክሎሪን₂ ስሙ ካልሲየም ክሎራይድ ነው፤ «ካልሲየም ዳይክሎራይድ» ብሎ የጻፈ የሞለኪዩሎችን ደንብ ወደማይመለከተው ቦታ አምጥቷል። የክሎራይዶቹ ቁጥር ከካልሲየም ቻርጅ ስለሚታወቅ በስሙ መናገር አያስፈልግም።

ቅንፍ ማየት ብቻውን አዮናዊ ለማለት አይበቃም። የወሎ ገበሬ ማሳው ላይ የሚበትነው ዩሪያ ቀመሩ ካርቦን ኦክስጅን(ናይትሮጅን ሃይድሮጅን₂)₂ ነው። ቅንፍ አለው፣ አዮን ግን የለውም። ዳፕ የተባለው ማዳበሪያ በተቃራኒው ሜታል የለበትም፤ ሆኖም በሁለት አሞኒየም ስለሚጀምር አዮናዊ ነው፦ (ናይትሮጅን ሃይድሮጅን₄)₂ሃይድሮጅን ፎስፈረስ ኦክስጅን₄። የንግድ ስሙ «ዳይአሞኒየም ፎስፌት» ስለሆነ ተማሪ «ዳይ» ይገባል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም፤ በደንቡ መሠረት ግን ስሙ አሞኒየም ሃይድሮጅን ፎስፌት ነው። «ዳይክሮሜት» ላይ ያለው «ዳይ» ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ የአዮኑ የራሱ ስም ክፍል ስለሆነ አይነሳም።

ስም ለማውጣት፦ ተራው አጠራር፣ የስቶክ ዘዴና የድሮው ስም

ምርጫው የሚወሰነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ሜታሉ ስንት ዓይነት ቻርጅ ይይዛል?

አንድ ዓይነት ብቻ ከሆነ ተራው አጠራር ይበቃል። ሊቲየም፣ ሶዲየም፣ ፖታሲየምና ሲልቨር +1 ናቸው፤ ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ባሪየምና ዚንክ +2፤ አልሙኒየም +3። የሜታሉን ስም እንዳለ ትጽፋላችሁ፣ የኢ-ሜታሉን መጨረሻ ወደ «አይድ» ትቀይራላችሁ፤ ሶዲየም ክሎራይድ፣ ማግኒዥየም ኦክሳይድ፣ አልሙኒየም ሰልፋይድ። በደሴ ክረምት የገበታ ጨው ውሃ የሚቋጥረው በዋናነት ሳይጣራ አብሮት በቀረው ማግኒዥየም ክሎራይድ ምክንያት ነው፤ እሱም ያለ ምንም ቁጥር እንዲሁ ይጠራል።

ከአንድ በላይ ቻርጅ ካለው ግን ተራው አጠራር ያሳስታል። የቤት ክዳን ቆርቆሮን እንውሰድ። ላዩ የተለበጠው በዚንክ ነው፤ ዚንክ ሁልጊዜ +2 ስለሆነ «ዚንክ ኦክሳይድ» ሲባል ሌላ የሚጠረጠር ነገር የለም። ከሥሩ ያለው አይረን ግን +2ም +3ም ይሆናል። «አይረን ክሎራይድ» ብላችሁ ብትጽፉ አይረን ክሎሪን₂ ይሁን አይረን ክሎሪን₃ አንባቢው ሊያውቅ አይችልም። ኮፐር (+1፣ +2)፣ ቲን (+2፣ +4)፣ ሌድ (+2፣ +4)፣ ኮባልት (+2፣ +3)፣ ክሮሚየምና ማንጋኒዝም ከዚሁ ወገን ናቸው።

ለእነዚህ ሁለት አማራጮች አሉ። አንደኛው ጀርመናዊው ኬሚስት አልፍሬድ ስቶክ በ1919 ያቀረበው ነው፤ ከሜታሉ ስም ቀጥሎ ቻርጁ በሮማ ቁጥር በቅንፍ ይቀመጣል። እዚህ በተለመደው አኃዝ እንጽፈዋለን፦ አይረን(2) ክሎራይድ፣ አይረን(3) ክሎራይድ። ሁለተኛው የድሮው ነው፤ ዝቅተኛው ቻርጅ «አስ»፣ ከፍተኛው «ኢክ» የሚል መጨረሻ ያገኛል፦ ፌረስና ፌሪክ፣ ኩፕረስና ኩፕሪክ፣ ስታነስና ስታኒክ።

የድሮው ስም ትልቁ ድክመት ቁጥሩን አለመናገሩ ነው። ፌረስ +2 ነው፣ ኩፕረስ ግን +1፤ ፌሪክ +3 ነው፣ ኩፕሪክ +2፣ ስታኒክ ደግሞ +4። አንድ ዓይነት መጨረሻ ይዘው የተለያየ ቻርጅ ስለሚያመለክቱ እያንዳንዱን በቃል መያዝ ግድ ይላል። ከሁለት በላይ ቻርጅ ላለው እንደ ማንጋኒዝ ላለ ሜታልማ ጭራሽ አይበቃም። ይሁን እንጂ ፈጽማችሁ አትተዉት። ለነፍሰ ጡር እናቶች የሚታዘዘው የአይረን እንክብል ብዙ ጊዜ «ፌረስ ሰልፌት» ተብሎ ነው የሚጻፍበት፤ አንዳንድ የጥርስ ሳሙናም ላይ «ስታነስ ፍሎራይድ» ይነበባል። የእኛ ምክር ግልጽ ነው፦ ስትጽፉ በስቶክ ጻፉ፤ ስታነቡ ሁለቱንም እወቁ።

የስቶክ ዘዴ ላይ ደግሞ አንድ የታወቀ ወጥመድ አለ። በቅንፍ የሚገባው ቁጥር የአንዱ ሜታል አዮን ቻርጅ እንጂ የአቶሞቹ ብዛት አይደለም። ኮፐር₂ኦክስጅን እና ኮፐር ኦክስጅን ጎን ለጎን ቢሰጡ ብዙ ተማሪ የመጀመሪያውን «ኮፐር(2) ኦክሳይድ» ይለዋል፤ 2 ቁጥር ፊቱ ስላለች። ሒሳቡን እንሥራው። ኦክስጅን −2 ነው። በመጀመሪያው ቀመር ሁለት ኮፐሮች ይህን −2 ስለሚካፈሉት ለእያንዳንዳቸው +1 ይደርሳል፤ ስለዚህ ኮፐር(1) ኦክሳይድ ነው። በሁለተኛው አንዱ ኮፐር ብቻውን +2 ስለሚሸከም ኮፐር(2) ኦክሳይድ የሚባለው እሱ ነው። ዓይን ያየው ከሒሳቡ ጋር ፍጹም ተቃራኒ ሆነ።

ቀመር ለመጻፍ፦ ክሪስ ክሮስ ወይስ ቻርጅ ማመጣጠን?

ክሪስ ክሮስ ፈጣን ነው። የአንዱን ቻርጅ ቁጥር ለሌላው የግርጌ ቁጥር አድርጎ ማሻገር ብቻ ነው፤ የመደመርና የመቀነስ ምልክቱ ይቀራል። አልሙኒየም +3፣ ሰልፌት −2፤ ሲሻገሩ አልሙኒየም₂(ሰልፈር ኦክስጅን₄)₃ ይሆናል። ቻርጆቹ ከ1 ሌላ የጋራ አካፋይ ከሌላቸው፣ ማለትም 1 ከ2፣ 1 ከ3፣ 2 ከ3 ሲገናኙ፣ ያለ ችግር ያደርሳል። ፈተና ላይ ጊዜ ሲያጥር እኛም የምንመክረው እሱን ነው።

ቻርጅ ማመጣጠን ትንሽ ይረዝማል። የሁለቱን ቻርጆች ትንሹን የጋራ ብዜት ትፈልጋላችሁ፤ ለ3 እና ለ2 እሱ 6 ነው። 6 ለማግኘት ሁለት አልሙኒየም (2×3) እና ሦስት ሰልፌት (3×2) ያስፈልጋል። ውጤቱ ያው ነው። ልዩነቱ የሚታየው ቻርጆቹ ከ1 ሌላ የጋራ አካፋይ ሲኖራቸው ነው፤ 2 ከ2 ወይም 4 ከ2 ሲገናኙ። ካልሲየም +2ን ከኦክስጅን −2 ጋር በክሪስ ክሮስ ብታሻግሩ ካልሲየም₂ኦክስጅን₂ ይወጣል፤ ማቃለሉን የረሳ ተማሪ እዚያው ይቀራል። ሌድ +4 ከኦክስጅን ጋር ሌድ₂ኦክስጅን₄ ይሰጣል፤ መሆን የሚገባው ሌድ ኦክስጅን₂ ነው። በማመጣጠን ለሠራ ተማሪ ግን ማቃለል የሚባል ተጨማሪ እርምጃ የለበትም።

ከሁሉ የሚከፋው ክሪስ ክሮስን ወደ ኋላ መጠቀም ነው፤ ከቀመር ተነስቶ ቻርጅ ለማግኘት። ሌድ ኦክስጅን₂ን ወደ ኋላ ብታሻግሩ ሌድ +2፣ ኦክስጅን −1 ይላችኋል። ኦክሳይድ −1 ሆኖ አያውቅም። አይረን ኦክስጅንን ብታሻግሩ ደግሞ አይረን +1 ይወጣል፤ ይህም ሐሰት ነው። ስም ስታወጡ ስለዚህ ሁልጊዜ ቻርጁ ከማይለወጠው ከአናዮኑ (ከኔጌቲቩ አዮን) ተነሱ፦ የአናዮኑን ቻርጅ በብዛቱ አባዙ፣ ለሜታሉ ብዛት አካፍሉ። ይህ መንገድ ውስብስብ የሚመስለውንም ይፈታል። በቆዳ ፋብሪካዎች ለማልፋት የሚያገለግለው የክሮሚየም ጨው ክሮሚየም(ኦክስጅን ሃይድሮጅን)ሰልፈር ኦክስጅን₄ ነው። ሃይድሮክሳይዱ −1፣ ሰልፌቱ −2፣ ድምሩ −3፤ ስለዚህ ክሮሚየሙ +3 ነው። በክሪስ ክሮስ የሚሞከርበት በር እንኳ የለውም።

ማቃለልም ልክ አለው። ሶዲየም ፐርኦክሳይድ ሶዲየም₂ኦክስጅን₂ ነው፤ ሁለቱ ኦክስጅኖች አንድ ላይ ተጣብቀው −2 የያዙ አንድ አዮን ስለሆኑ ወደ ሶዲየም ኦክስጅን አይቃለልም። ሜርኩሪ(1) ክሎራይድም ሜርኩሪ₂ክሎሪን₂ ሆኖ ይቀራል፤ ሁለቱ ሜርኩሪዎች ጥንድ አዮን ናቸውና። አይረን₃ኦክስጅን₄ ላይ ደግሞ ማካፈሉ 8/3 ይሰጣል። ክፍልፋይ ስታገኙ አትደናገጡ፤ በውስጡ አንድ +2 እና ሁለት +3 አይረኖች አሉ ማለት ነው፤ ስሙም አይረን(2፣3) ኦክሳይድ ይባላል።

ቅንፍ መርሳት ሁለቱም ዘዴ ላይ የሚደርስ ጥፋት ነው፤ በክሪስ ክሮስ ግን ይበዛል፤ እጅ ስለሚፈጥን። ኖራን እንይ። ያልበረደ ኖራ ካልሲየም ኦክስጅን ነው፤ ውሃ ሲፈስበት በኃይል ይግልና ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ይሆናል፦ ካልሲየም(ኦክስጅን ሃይድሮጅን)₂። ቅንፉን ትቶ «ካልሲየም ኦክስጅን ሃይድሮጅን₂» ብሎ የጻፈ አንዱን ኦክስጅን አጥፍቷል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ከኖራው 2 አቶም፣ ከውሃው 3 አቶም ገብቷል፤ የወጣው 5 መሆን አለበት። ያለ ቅንፍ ግን 4 ነው።

«አይድ»፣ «አይት»፣ «ኤት»

እዚህ ዘዴ መምረጥ የለም፤ መለየት ብቻ ነው። ሰልፋይድ፣ ሰልፋይትና ሰልፌት በጆሮ ቢቀራረቡም ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሶዲየም ሰልፋይድ ሶዲየም₂ሰልፈር፣ 3 አቶም፤ ሶዲየም ሰልፋይት ሶዲየም₂ሰልፈር ኦክስጅን₃፣ 6 አቶም፤ ሶዲየም ሰልፌት ሶዲየም₂ሰልፈር ኦክስጅን₄፣ 7 አቶም። ቆዳ የሚለፋበት ቦታ ይህ ልዩነት የደኅንነት ጉዳይ ነው፤ ፀጉር ለማርገፍ የሚገባው ሰልፋይዱ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለ ገዳይ ጋዝ ያወጣል፤ ሰልፌቱ ግን አያወጣም።

«ኤት» ከ«አይት» በአንድ ኦክስጅን ይበልጣል፤ ቻርጁ አይለወጥም። «ኤት» ሁሉ አራት ኦክስጅን አለው የሚለው ግምት ግን ስህተት ነው፦ ሰልፌትና ፎስፌት አራት፣ ናይትሬት፣ ካርቦኔትና ክሎሬት ሦስት ናቸው። የክሎሪን ቤተሰብ ሁለት ጫፎች አሉት፤ በረኪና ውስጥ ያለው ሃይፖክሎራይት አንድ ኦክስጅን ብቻ ሲኖረው ፐርክሎሬት አራት አለው።

በአዮዲን የበለጸገ ጨው ከረጢት ላይ «ፖታሲየም አዮዴት» የሚል ስታነቡም በ«አዮዳይድ» አታሳልፉት። አዮዳይዱ 2 አቶም፣ አዮዴቱ (ፖታሲየም አዮዲን ኦክስጅን₃) 5 አቶም ነው። አዮዴቱ የሚመረጠው እርጥበትንና ሙቀትን የተሻለ ስለሚቋቋም ነው።

አቶም ለመቁጠር፦ በቃል፣ በመዘርዘር ወይስ በሰንጠረዥ?

ቅንፍ ለሌለው ቀመር በቃል ቁጠሩ። የግርጌ ቁጥር የሌለው 1 ነው፤ ቁጥሩ ደግሞ ከጎኑ በግራ ያለውን ብቻ ይመለከታል። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል ስለሌለው እዚህ ላይ ዓይን ማልመድ ያስፈልጋል፦ በላቲን ምልክት አዲስ ንጥረ ነገር የሚጀምረው ትልቅ ፊደል ሲመጣ ነው። የኮባልት ምልክት ሁለተኛ ፊደሉ ትንሽ ስለሆነ 1 አቶም ነው፤ ሁለቱም ፊደላት ትልቅ ከሆኑ ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ 2 አቶም ይሆናል።

ቅንፍ ሲመጣ ጀማሪ መዘርዘር ይሻለዋል፤ ቅንፉን ፈትቶ ደጋግሞ መጻፍ ማለት ነው። ካልሲየም(ናይትሮጅን ኦክስጅን₃)₂ ሲዘረዘር ካልሲየም፣ ናይትሮጅን ኦክስጅን₃፣ ናይትሮጅን ኦክስጅን₃ ይሆናል፤ 1 ካልሲየም፣ 2 ናይትሮጅን፣ 6 ኦክስጅን፣ በጠቅላላው 9። ከቅንፉ ውጭ ያለው ቁጥር ለምን ሁሉንም እንደሚያባዛ በዓይን ያሳያል። የተለመደው ስህተት ናይትሮጅኑን ትቶ ኦክስጅኑን ብቻ ማባዛት ነው፤ ያኔ 8 ይወጣል። ከሦስት በላይ ለሚደጋገም ቀመር ግን መዘርዘር ወረቀት ይፈጃል፣ መስመርም ያዘልላል።

ለረጅሙ ሰንጠረዥ የሚወዳደረው የለም። ውሃ ለማጥራት ከሚያገለግሉት ጨዎች አንዱ የሆነውን ፖታሽ አሉም እንውሰድ፦ ፖታሲየም አልሙኒየም(ሰልፈር ኦክስጅን₄)₂·12 ሃይድሮጅን₂ኦክስጅን።

| ንጥረ ነገር | ከነጥቡ በፊት | ከነጥቡ በኋላ | ድምር |
|---|---|---|---|
| ፖታሲየም | 1 | 0 | 1 |
| አልሙኒየም | 1 | 0 | 1 |
| ሰልፈር | 1×2 = 2 | 0 | 2 |
| ኦክስጅን | 4×2 = 8 | 12×1 = 12 | 20 |
| ሃይድሮጅን | 0 | 12×2 = 24 | 24 |

ጠቅላላው 48 ነው። ሰንጠረዡ ሁለት ቦታ የተጻፈ ንጥረ ነገር እንዳይረሳ ያደርጋል፤ እዚህ ኦክስጅኑ። አሞኒየም ናይትሬት ላይም ናይትሮጅን መጀመሪያም መሃልም ስላለ 2 ነው፤ በቃል የሚቆጥር ብዙ ጊዜ 1 ይላል። መሃል ያለችው ነጥብ የማባዣ ምልክት አይደለችም፤ «አብሮት ያለ ውሃ» ማለት ስለሆነች ሁለቱ ወገን ይደመራል።

ከቀመሩ ፊት ያለ ቁጥር ቀመሩን በሙሉ ያባዛል። አልሙኒየም₂(ሰልፈር ኦክስጅን₄)₃ 2+3+12 = 17 አቶም ካለው፣ 3 አልሙኒየም ሰልፌት 51 አለው። ሦስቱን ለአልሙኒየም ብቻ መስጠት የተለመደ ጥፋት ስለሆነ መጀመሪያ የአንዱን ቆጥራችሁ በመጨረሻ አባዙ።

ጥያቄውንም ደግማችሁ አንብቡ፤ «ስንት አቶም» እና «ስንት አዮን» አንድ አይደሉም። አንድ ፎርሙላ ዩኒት (ቀመሩ አንድ ጊዜ የሚያሳየው) አልሙኒየም ሰልፌት 17 አቶም፣ ግን 5 አዮን ነው፤ ሁለት አልሙኒየምና ሦስት ሰልፌት። አሞኒየም ናይትሬት 9 አቶም፣ 2 አዮን ነው። የራዲካል ወይም የፖሊአቶሚክ አዮን (እንደ ሰልፌት ከአንድ በላይ አቶም ያለው አዮን) ውስጠኛ አቶሞች ለአዮን ቆጠራ አይነጣጠሉም።

ፊት ያለ ቁጥር እስከ ነጥቧ ብቻ የሚሠራበት አንድ ሁኔታ አለ፤ ጀሶ ላይ። ግድግዳ ላይ የደረቀው ጀሶ ካልሲየም ሰልፈር ኦክስጅን₄·2 ሃይድሮጅን₂ኦክስጅን ነው፦ 1 ካልሲየም፣ 1 ሰልፈር፣ 6 ኦክስጅን፣ 4 ሃይድሮጅን፣ ድምር 12። በከረጢት የሚሸጠው ዱቄት ግን ለአንድ ካልሲየም ሰልፌት ግማሽ ውሃ ብቻ አለው። ግማሽ ሞለኪዩል ስለማይቆጠር ቀመሩ በእጥፍ ይጻፋል፦ 2 ካልሲየም ሰልፈር ኦክስጅን₄·ሃይድሮጅን₂ኦክስጅን። የፊቱ 2 ካልሲየም ሰልፌቱን እንጂ ውሃውን አያባዛም፤ ስለዚህ 2 ካልሲየም፣ 2 ሰልፈር፣ 8+1 = 9 ኦክስጅን፣ 2 ሃይድሮጅን፣ በድምሩ 15።